ቲቪው አልነሳ ሲል፦ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት

የራሴን ቴሌቪዥን የገደልኩት ራሴ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጨዋታ ሊጀመር 20 ደቂቃ ቀርቶታል። ሪሞቱን ብጫን ብጫን ዝም። ከታች የምትበራዋ ቀይ መብራትም የለችም። ሶኬቱን ነቅዬ መለስኩ፣ ጀርባውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩ (የድሮው ቲቪ ልማድ አይለቅም)፣ ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀና ባጃጅ ጠርቼ ቲቪውን የኋላ ወንበር ላይ አጋድሜ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ከነፍኩ። ልጁ ተቀበለኝና ሰካው። ወዲያው በራ። ድምፁም መጣ። ስክሪኑ ግን ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቲቪ እኮ ደህና ነበር» አለኝ። «አሁን መንገድ ላይ ነው የሞተው።»

ጥፋቱ የነበረው ቤት ውስጥ ያለው ዲቫይደር ነው። ቲቪው የተሰካበት ቀዳዳ ውስጡ ላልቶ ነበር። በቃ። ስክሪን ማስቀየር ደግሞ አዲስ ቲቪ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም፤ ስለዚህ ያ ልቅ ቀዳዳ አንድ ቲቪ አስከፈለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ቲቪ አልነሳ ሲለው እኔን ይጠራል። ባለሙያ ሆኜ አይደለም፣ ከስህተቴ ስለተማርኩ ነው። የምከተለው መንገድ አንድ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ። ከግድግዳው እጀምራለሁ፣ ካቻቢቴ የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካቻቢቴው ጋ ሳልደርስ ነገሩ ያልቃል።

መጀመሪያ፦ አትንኩት፣ ተመልከቱት

«አልሠራ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። አልነሳ ያለ ቲቪ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ መድኃኒቱም ለየቅል ነው። ስለዚህ ሶኬቱን እየነቀላችሁ እየሰካችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ፊቱ ተቀመጡ።

ቀይዋ መብራት አለች ወይስ የለችም? ጭራሽ ከሌለች ብዙ ጊዜ ወይ መብራት ወደ ቲቪው እየደረሰ አይደለም፣ ወይ ውስጥ ያለው ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ ተጎድቷል። ቀይዋ ካለችና ስትጫኑት ምንም ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ሪሞቱ፣ ወደ ማብሪያ ቁልፉና ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። ብልጭ ብልጭ የምትል ከሆነ ደግሞ ቁጠሯት። ቁም ነገር አላት። ብዙ ቲቪዎች ራሳቸውን መርምረው ችግር ሲያገኙ ላለመቃጠል ይዘጋሉ፣ የችግሩንም ዓይነት በብልጭታ ቁጥር ይናገራሉ። ለምሳሌ ሶኒ ብራቪያ የተወሰነ ጊዜ ብልጭ ይልና ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ይደግማል። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ እናንተ ቆጥራችሁ ያዙት፣ ጠጋኙ ይፈታዋል።

ድምፅ እየመጣ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር ከሆነስ? እሱ የበራ ቲቪ ነው። ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

በመጨረሻ ስልካችሁን አውጡና የሚያደርገውን በቪዲዮ ቅረጹት። ቲቪ ጠጋኝ ፊት ሲቀርብ እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ሲያለቅስ ያድርና ሐኪም ጋ ሲደርስ ይስቃል።

ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ፣ ስታቢላይዘሩ

አሁን ግድግዳው ጋ እንሂድ። ብዙ ሰው ሶኬቱን የሚፈትነው በስልክ ቻርጀር ነው። እኔ አልወደውም። ቻርጀር የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው፣ በግማሽ የሚነካ ልቅ ሶኬትም ስልክ ይሞላል። አዳማ ውስጥ ቬንትሌተር የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ እሱን አምጡና ቲቪው የነበረበት ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ አይደለም፣ እዚያው ላይ። ከፍተኛው ላይ አድርጉትና ሶኬቱን በቀስታ ወዝወዝ አድርጉ። ቬንትሌተሩ ከተንተባተበ ወይም ከሶኬቱ «ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተም ያንን ሶኬት ዛሬውኑ አስቀይሩት። እሱ የቲቪ ብቻ ሳይሆን የቤት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ መሀል ያለውን ሁሉ አስወግዱ። ዲቫይደሩንም ስታቢላይዘሩንም ዝለሉና ቲቪውን በቀጥታ ደህና መሆኑን ያረጋገጣችሁት የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩት። ከተነሳ ጠላታችሁ መሀል ላይ ነበር።

ስለ ስታቢላይዘር አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ብዙ ስለሚሸወድበት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙ ስታቢላይዘሮች ወዲያው አያስተላልፉም። ሆን ብለው ለደቂቃዎች ይቆያሉ፤ እስከ 3 ደቂቃ የሚቆዩ አሉ። ማሳያው ላይ ቁጥር እየቆጠረ ወይም ቢጫ መብራት እያበራ ከሆነ አልተበላሸም፣ እየጠበቀ ነው። የሚገባው ቮልቴጅ በጣም ሲወርድ ወይም ሲወጣም ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ ማሳያውን አንብቡ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ እዚያ ላይ 150 ካያችሁ ቲቪውን ማማት ትታችሁ መስመሩን እሙ። ደግሞ የቲቪውን ጀርባ ተመልከቱ፣ ብዙዎቹ ዘመናዊ ቲቪዎች ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፎባቸዋል። እንዲህ ያለው ቲቪ በትንሽ የቮልቴጅ መውረድ አይሞትም። የሚገድለው ድንገተኛ መውጣት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የኒውትራል መበጠስ ነው። ከፖል የሚመጣው ኒውትራል ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ በአንዳንዱ ቤት ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው። የአንዱ ቤት አምፖል ከልክ በላይ ይደምቃል፣ የጎረቤቱ ይፈዛል። እንዲህ ካያችሁ ሮጣችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቲቪያችሁ የሞተው እንዲህ ያለ ቀን ላይ ከሆነ ያንን አስታውሱ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የቀረው ኬብሉ ነው። ከቲቪው ጀርባ የሚነቀል ከሆነና አፉ የ8 ቁጥር ቅርጽ ካለው ከሪሲቨሩ ወይም ከሬዲዮኑ ተመሳሳዩን ነቅላችሁ ሞክሩ። ትናንሽ ቲቪዎች እንደ ላፕቶፕ በአዳፕተር የሚሠሩም አሉ፤ የአዳፕተሩ መብራት ካልበራ አዳፕተሩን ቀይሩ። ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ከሥር ወይም ከጀርባ ያላቸውም አሉ። አቧራ ሲጠረግ ትነካና ሳምንት ሙሉ «ቲቪው ሞተ» ይባላል።

ሪሞቱን በስልክ ካሜራ ፈትኑት

ቀይዋ መብራት በርታ ቲቪው የማይነሳ ከሆነ ከሪሞቱ ጀምሩ። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። በዓይን የማይታየው ብርሃን በካሜራው ውስጥ ነጣ ወይም ወይን ጠጅ ያለ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። የኋላው ካሜራ ላያሳይ ይችላል፣ ይህን ብርሃን የሚያጣሩ ስላሉ፤ የፊቱን፣ የሰልፊውን ሞክሩ። ብልጭታ ከሌለ ባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ። ድንጋዩ የሚነካው ምንጭ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በደረቅ ጨርቅና በቢላ ጫፍ ፈቅፍቁት።

ከሪሞቱ ጋር አትታገሉ እንጂ። ቲቪው ራሱ ላይ ቁልፍ አለው። አዳዲሶቹ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት ሥር መሀል ላይ ከአርማው በታች ወይም ከጀርባ ቀኝ ጥግ ላይ በጣት ፈልጉት። በእሱ ከተነሳ ቲቪው ጤነኛ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሞተብኝ፣ ምንም አያሳይም» አሉኝ። «እትዬ፣ ቆይ አይዘኑ» ብዬ ገባሁ። ቀይዋ መብራት የለችም። በጣቴ ከሥር ያለችውን ቁልፍ ስጫን ቀይዋ በራች! ለካ ቲቪው በርቶ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ለጌም ብሎ መግቢያውን ወደ ሁለተኛው ኤችዲኤምአይ ቀይሮት፣ ሪሲቨሩ ያለው አንደኛው ላይ ነው። ብዙ ቲቪ ሲነሳ ቀይዋ ትጠፋለች፤ መብራቷ አለመኖሯ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። እትዬ ሳቁና ቡና አፈሉልኝ።

ኃይሉን አፍስሱት

ይህን ስነግራቸው ሰዎች ያሾፉብኛል፣ ግን ይሠራል። ቲቪው ውስጥ እንደ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር አለ፤ መብራት ሲርገበገብ እንደ ስልክ ሃንግ ያደርጋል። ሪሞት አይሰማም፣ ቁልፍም አይሰማም።

ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከቲቪው ጋር የተያያዘውን ሁሉ፣ ኤችዲኤምአዩንም ፍላሹንም የአንቴና ሽቦውንም አውጡ። ቲቪው ላይ ያለውን ማብሪያ ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ተዉት። ቡና እየተፈላ ከሆነ ቶናው እስኪቀርብ ማለት ነው። ከዚያ የመብራት ገመዱን ብቻ ሰኩና በራሱ ቁልፍ አስነሱት።

ከተነሳ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መልሱ። አንዱን ስትሰኩ ቲቪው ከጠፋ እሱ ነው። የተበላሸ ፍላሽ ወይም ሾርት ያደረገ ኬብል ሙሉ ቲቪ እንዳይነሳ ማድረግ ይችላል።

አርማው ላይ ደርሶ የሚቆም ወይም ደጋግሞ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ የሶፍትዌር ችግርም ሊሆን ይችላል፣ የፓወር ድክመትም። ሶፍትዌሩን በፍላሽ ለመጫን የምትቸኩሉ ካላችሁ ሞዴሉ ከነሙሉ ቁጥሩ ካልገጠመ ተዉት። የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ቲቪውን ጭራሽ ድንጋይ ያደርገዋል።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፉ። ቲቪውን አስነሱና ሪሲቨሩ ላይ ደማቅ ነገር ክፈቱ፣ ወይም ሜኑ አውጡ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑ ጋ በጣም አስጠጉ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ። ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። ደብዛዛ የሆነ የሜኑ ጥላ፣ የፊደል ቅርጽ ወይም የሚንቀሳቀስ ሰው ካያችሁ ስክሪኑ ደህና ነው። የጠፋው ከኋላው የሚያበራው ባክላይት ነው።

ባክላይት ማለት ከስክሪኑ ኋላ የተደረደሩ የትናንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ዘንግ ነው። አምፖሎቹ የተያያዙት እንደ ዶቃ በተርታ ነው፤ አንዷ ስትበጠስ ተርታው ሁሉ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ቲቪው ይህን አይቶ ሌሎቹንም ይዘጋል። በርቶ አንድ ሁለት ሰከንድ ምስል አሳይቶ የሚጨልመው ቲቪ ብዙውን ጊዜ ይኼው ነው።

ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ዘንጉን ለማግኘት ስክሪኑ ራሱ መነሳት አለበት፣ ስክሪኑ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ መስታወት ነው። ለባለሙያ ስትሰጡ ግን የተቃጠለችውን አንዷን አምፖል ብቻ ሳይሆን ዘንጎቹን በሙሉ እንዲቀይር ጠይቁ፤ አንዷ ከሄደች እኅቶቿም መንገድ ላይ ናቸው። ከተሠራ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባክላይት የሚለውን ከ100 ወደ 50 ወይም 60 አውርዱ። ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ 100 ላይ ያደርጉታል፣ ቤት ካመጣነው በኋላ ማንም አይነካውም። በአዳማ ሙቀት 100 ላይ ሲሠራ የሚውል ኤልኢዲ ዕድሜው ያጥራል።

ካቻቢቴው፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለማንም ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ኤሌክትሪክ ነካክቶ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ቲቪው ዋስትና ካለው አትክፈቱት። የድሮው ሆዳሙ ቲቪ ከሆነም አትክፈቱት፤ ትልቁ መስታወት ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይኖራል፣ ከጠፋም በኋላ ይቆያል።

ጠፍጣፋው ቲቪ ውስጥም ቀልድ የለም። 220 ቮልት ገብቶ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ሲቀየር 310 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ በትልልቆቹ ቲቪዎች ላይ 400 አካባቢም ይደርሳል። ይህን የሚይዘው ፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ወፍራሙ ካፓሲተር ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም ይዞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ ተነቅሎ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያም በመልቲሜትር የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለኩ። ገና ቮልት ካለ የድሮውን ቢጫ አምፖል በሁለት ሽቦ አያይዛችሁ፣ በፕላስቲኩ በኩል ብቻ ይዛችሁ፣ ሁለቱን እግሮች አስነኩትና ኃይሉን ይጠጣው። በካቻቢቴ ሾርት የሚያደርጉ ጀግኖች አሉ። ብልጭታው ዓይን ላይ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ቲቪውን ሰው ይዞላችሁ በስክሪኑ ደፍታችሁ አስተኙት። ቡሎኖቹን ከየት እንዳወጣችሁ ፎቶ አንሱ፣ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ብታስገቡት ስክሪኑን ከኋላ ሊወጋው ይችላል። ሁሉንም ፈትታችሁ አልከፈት ካለ አትታገሉት። ብዙ ጊዜ አንድ የተደበቀ አለ፣ ኬብል የሚሰካበት አካባቢ ወይም ተለጣፊ ወረቀት ሥር።

ሲከፈት መጀመሪያ የምታዩት አቧራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫን 102 ተርባይኖች የሚያዞረው ያው ነፋስ ነው አቧራውን ወደ ሳሎናችን የሚያስገባው። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አይደለም። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ቲቪ ውስጥ ግን አቧራ ብቻ አልነበረም። የግድግዳ እንሽላሊት ነበረች። ሙቀት ፈልጋ ገብታ፣ የፊት እግሯ አንዱ ብየዳ ላይ፣ ጅራቷ ሌላው ላይ፣ እንደ ቋንጣ ደርቃለች። ከሥሯ ቦርዱ ጠቁሯል። ፊውዙ የተቃጠለው በእሷ ነው።

በዓይን የሚታየው

ቦርዶቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። የመብራት ገመዱ የሚገባበት፣ ትራንስፎርመርና ወፋፍራም ዕቃ ያለበት ፓወር ቦርድ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ነው። ርካሾቹ ላይ ሁለቱም አንድ ቦርድ ሆነው ይመጣሉ።

ካፓሲተሮቹን ተመልከቱ። ሲሊንደር መስለው የቆሙት ናቸው፣ አናታቸው ላይ የመስቀል ዓይነት ጭረት ያላቸው። አናቱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ድፎ ዳቦ ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ከወጣው ሞቷል። ደጋግሞ «ጠቅ ጠቅ» እያለ የማይነሳ ወይም ከብዙ ሙከራ በኋላ ሲሞቅ ብቻ የሚነሳ ቲቪ ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ ያው መሆን አለበት፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚለውን ምረጡ። አቅጣጫም አለው፤ ነጩ ጭረት ነጌቲቩ ጋ ነው። ገልብጦ የበየደው ሰው ፍንዳታውን ይሰማል።

ፊውዙ

ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ የመስታወት ወይም የሸክላ ፊውዝ አለ። መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ንኩ። ከጮኸ ደህና ነው። ካልጮኸ ተቃጥሏል፣ ግን ደስታችሁን ቆጥቡ። ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም። መስታወቱ ውስጡ ከጠቆረ ከኋላው ከባድ ሾርት አለ፣ አዲሱም በሰከንድ ይሄዳል። ፊውዙን በቀጭን ሽቦ የሚተካ ሰው ቦርዱን በሙሉ ለማቃጠል ፈርሟል።

ያ የኒውትራል ቀን ትዝ አላችሁ? ከፊውዙ አለፍ ብሎ ሳንቲም የመሰለ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ ሁለት እግር ያለው ዕቃ አለ፤ ቫሪስተር ይባላል። ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን አቃጥሎ ቲቪውን ያድናል። ከተሰነጠቀ ወይም ከፈነዳ እሱን ያው ቁጥር በታተመበት ሌላ ቫሪስተር፣ ፊውዙን ደግሞ በተመሳሳይ አምፔር ቀይሩ። ሌላው ደህና ከሆነ ቲቪው ይነሳል። በርካሽ ያለቀ ሞት ይሏል ይህ ነው።

አዲስ ፊውዝ ከገባ በኋላ በቀጥታ አትሰኩ። ከመስመሩ ጋር በተርታ 60 ወይም 100 ዋት የድሮ ቢጫ አምፖል አስገቡ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ሲሰካ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርት የለም። ደምቆ እንደበራ ከቀረ ሾርቱ ገና አለ፣ ግን ምንም አልተቃጠለም። የቆዩ ጠጋኞች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፣ እኔ ግን ሦስት ፊውዝ ካቃጠልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሦስት ልኬት

ፊውዙ ደህና ሆኖ ቲቪው ካልተነሳ መብራት ላይ ሰክቶ መለካት ይመጣል። ብቻችሁን አትሁኑ፣ በአንድ እጅ ብቻ ለኩ፣ ጫማ አድርጉ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ዘንግ በቦርዱ ቡሎን ወይም በብረቱ አካል ላይ አስቀምጡ። ፓወር ቦርዱ ላይ በመስመር የተከፈለ ጎን ታያላችሁ፤ ትልቁ ካፓሲተር ያለበት ጎን በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እጃችሁም ዘንጋችሁም እዚያ አይድረስ። የምትለኩት ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ገመድ ላይ ነው። አጠገቡ የየሽቦው ስም ታትሟል።

መጀመሪያ የስታንድባዩ ቮልት። ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ነው፣ 3.3 ወይም 12 የሆኑም አሉ። ይህ ቲቪው ሳይነሳም ሁልጊዜ መኖር አለበት። ከሌለ ችግሩ ፓወር ቦርዱ ላይ ነው፣ ወይም ማዘርቦርዱ ሾርት አድርጎ እየጎተተው ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ መሀል ያለውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አውጡ፣ እንደገና ሰክታችሁ ለኩ። ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ነው።

ቀጥሎ የማስነሻው ትዕዛዝ፣ ፒኤስ ኦን የሚለው። ሪሞቱን ስትጫኑ ማዘርቦርዱ በዚህች ሽቦ «ተነሳ» ይላል፣ ቮልቱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ወደ 3 አካባቢ ይዘላል። ካልዘለለ ማዘርቦርዱ አላዘዘም። ሦስተኛው ዋናው 12 ወይም 24 ቮልት ነው። ትዕዛዙ ተሰጥቶ ይህ ካልመጣ ፓወር ቦርዱ ታዝዞ እምቢ ብሏል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛው ቦርድ እንደታመመ ይነግሯችኋል፣ ያለ ቦታው ብር ከማውጣት ያድናሉ።

ጠጋኙ ጋ

ቦርድ ከሆነ ችግሩ አዲስ መግዛት ግድ አይደለም። ስክሪናቸው ከተሰበረ ቲቪዎች የተነቀሉ ደህና ቦርዶች ጥገና ቤቶች ውስጥ ይገኛሉ (የእኔም ቲቪ ሆዱ ለሦስት ቤት ተከፋፍሏል)። የቲቪው ሞዴል መመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ እሱን አወዳድሩ። ዩኒቨርሳል ቦርድ ልግጠምልህ ካሏችሁ ይሠራል፣ ግን ስማርትነቱ ሊቀር ይችላል፣ ባክላይቱንም በትክክል ካላስተካከሉት ያቃጥለዋል።

ቲቪውን ከመክፈታቸው በፊት በሂሳቡ ተስማሙ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አምጡልኝ በሉ፣ ነውር የለውም። ቪዲዮውንና የብልጭታውን ቁጥር አሳዩአቸው።

ስትወስዱት ደግሞ አታጋድሙት። ቲቪ እንደቆመ ነው የሚሄደው። ካርቶኑ ካለ በካርቶኑ፣ ከሌለ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ስክሪኑን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዙሩ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ከላይና ከሥር ይያዘው፤ መሀል ስክሪኑን ማንም አይጫን። ለባጃጁ ልጅ ከመነሳታችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ጉብታው ላይ ቀስ በልልኝ» በሉት። እኔ ያን ቅዳሜ «ፍጠን፣ ጨዋታ አለብኝ» ነበር ያልኩት።